የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘውን ዩኒቨርሲቲ ወክሎ በኮሌጆች ውድድር የሚሰለፍ የተማሪዎች ቡድን ሲሆን፣ በ1984 በይፋ ከተቋቋመ ወዲህ የአገሪቱን የኮሌጆች ሻምፒዮና በ2011፣ በ2017 እና በ2019 አሸንፏል። በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደችው ተከላካይ ናኦሚ ግርማ ከ2018 እስከ 2021 የተጫወተችበትና በአምበልነት የመራችው ቡድን በመሆኑ ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስያሜ

ቡድኑ እንደ ሌሎቹ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ቡድኖች «ካርዲናል» ተብሎ ይጠራል። ቃሉ በአማርኛ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የማዕረግ ስም ሆኖ ስለሚታወቅ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚያመለክተው ጳጳስንም ሆነ በዚሁ ስም የምትጠራውን ቀይ ወፍ ሳይሆን ደማቅ ቀይ ቀለምን ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ በነጠላ ቁጥር የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ቀደም ሲል የዩኒቨርሲቲው ቡድኖች «ኢንዲያንስ» ይባሉ የነበረ ሲሆን፣ ስያሜው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆኑ ተማሪዎች ባቀረቡት ተቃውሞ በ1972 ቀርቷል።

የቡድኑ አመጣጥ

ቡድኑ የተመሠረተበት ዓመት 1984 መሆኑ የሚያከራክር አይደለም፤ የሚያከራክረው የታሪኩ መነሻ ከየት ይቆጠር የሚለው ነው። አንዳንዶች ከዩኒቨርሲቲው አመሠራረት ይጀምራሉ። ስታንፎርድ በ1891 በሩን ሲከፍት በጊዜው እምብዛም ባልተለመደ አኳኋን ወንዶችንና ሴቶችን አብሮ ተቀብሏል። ይሁን እንጂ የሴት ተማሪዎች ቁጥር በፍጥነት በማደጉ፣ ከባለቤታቸው ጋር ዩኒቨርሲቲውን የመሠረቱት ወይዘሮ ጄን ስታንፎርድ በ1899 የሴቶቹ ብዛት ከ500 እንዳይበልጥ ገደብ ጣሉ። ተቋሙ በ15 ዓመቱ ለሞተው ወንድ ልጃቸው መታሰቢያ የቆመ ስለነበር የሴቶች ኮሌጅ ሆኖ እንዳይቀር ሰግተው እንደሆነ ይነገራል፤ ገደቡም እስከ 1933 ጸንቶ ቆይቷል። በዚህ አመለካከት የሴቶች ስፖርት ዘግይቶ መምጣት ሴቶች ራሳቸው በቁጥር ተገድበው ከኖሩበት ዘመን ተነጥሎ አይታይም።

ሌሎች ደግሞ መነሻውን ሰኔ 23 ቀን 1972 በፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ፊርማ የጸደቀው «ታይትል ናይን» የተባለው ሕግ ላይ ያደርጉታል። ሕጉ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚቀበል በማንኛውም የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ማንም ሰው በጾታው ምክንያት እንዳይገለል ወይም አድልዎ እንዳይደረግበት የሚከለክል ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ባሉት ዋና አንቀጹ ውስጥ ስፖርት የሚል ቃል አንድም ጊዜ አይገኝም። ሆኖም ስፖርት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የትምህርቱ አካል ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለወንዶች ያወጡ ከነበረው ገንዘብና ነጻ የትምህርት ዕድል ለሴቶችም ተመጣጣኝ ድርሻ እንዲሰጡ ግዴታ ተጣለባቸው። ከዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ጉዳይ ይነሣል። በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል ብቻውን እስከ 85 ለሚደርሱ ወንዶች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጥ ስለነበር፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ብዙ ተጫዋች የሚይዙ የሴቶች ስፖርቶች ያስፈልጉ ነበር። እግር ኳስ ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ በአገሪቱ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደንብ መሠረት ለረጅም ጊዜ የሴቶች ቡድን እስከ 14፣ የወንዶች ቡድን ግን እስከ 9.9 ሙሉ ድጋፍ ይፈቀድለት የነበረውም በዚሁ ሳቢያ ነው። ነጥብ ዘጠኙ የመጣው አንዱ ድጋፍ ለብዙ ተማሪዎች ተሸንሽኖ ሊሰጥ ስለሚችል ነው። የሴቶች እግር ኳስ በአውሮፓ ገና በማኅበራት ችላ በተባለበት ዘመን በአሜሪካ የጠነከረው፣ ሕዝቡ ለጨዋታው የተለየ ፍቅር ስለነበረው ሳይሆን በዋነኛነት በዚህ ሕግ ግፊት እንደሆነ መናገር የሚያስኬድ ይመስላል።

የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የሴቶችን የእግር ኳስ ሻምፒዮና በ1982 በ12 ቡድኖች ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደውም ለብዙ ዓመታት ያለ ተፎካካሪ የቆየው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነበር። የስታንፎርድ ቡድን የተቋቋመው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ስለ ቡድኑ የመጀመሪያ አሥር ዓመታት የተጻፈው ከኋለኞቹ ድሎች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡድኑን ያሠለጠኑት ብርሃነ ዓንደብርሃን ሲሆኑ፣ ስማቸው በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ የተለመደ ዓይነት ነው። በእርሳቸው ዘመን ከ1989 እስከ 1992 የተጫወተችው ጁሊ ፋውዲ በ1991 እና በ1999 የዓለም ዋንጫን፣ በ1996 እና በ2004 ደግሞ የኦሎምፒክ ወርቅ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ያገኘች ስትሆን፣ በስታንፎርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀባይነት አግኝታ ሳለ ኳሱን መርጣ ትታዋለች። በዚያን ጊዜ ለሴት ተጫዋች በአሜሪካ የሙያ ሊግ ስላልነበረ፣ ምርጫው ዛሬ ከሚመስለው የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር።

ዘመነ ራትክሊፍ

በ2003 አሠልጣኝ ፖል ራትክሊፍ ቡድኑን ከተረከቡ በኋላ ስታንፎርድ ከአገሪቱ ቀዳሚዎች ተርታ ተሰለፈ። የኮሌጆች ሻምፒዮና በጥሎ ማለፍ የሚካሄድ ሲሆን፣ ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው «ኮሌጅ ካፕ» ይባላሉ። ቡድኑ በ2009 በሰሜን ካሮላይና፣ በ2010 ደግሞ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በፍጻሜ 1 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ፣ በ2011 ዱክ ዩኒቨርሲቲን በተመሳሳይ ውጤት አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ፤ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረችው ቴሬሳ ኖዮላ ነበረች። በ2017 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስን 3 ለ 2 አሸነፈ። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የምትሸለመው የኸርማን ሽልማት በ2009 ለኬሊ ኦሃራ፣ በ2010 ለክሪስተን ፕሬስ፣ በ2011 ለኖዮላ፣ በ2017 ለአንዲ ሱሊቫን፣ በ2018 እና በ2019 ደግሞ ለብራዚል ተወላጇ ካታሪና ማካሪዮ ተሰጥቷል።

የ2019 የፍጻሜ ጨዋታ

ግማሽ ፍጻሜውም ፍጻሜውም የተካሄዱት ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማትርቀው በሳን ኾዜ ከተማ ነበር። ስታንፎርድ በግማሽ ፍጻሜው ሶፊያ ስሚዝ ሦስት ግብ ባስቆጠረችበት ጨዋታ የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ 4 ለ 1 አሸንፎ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን ከሰሜን ካሮላይና ጋር ተገናኘ። በኮሌጅ ጨዋታ ሰዓቱ በተለምዶ ከ45 ወደ ዜሮ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሲሆን፣ በመደበኛውም በጭማሪውም ጊዜ ዜሮ ላይ ሲደርስ ግብ አልነበረም። በፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂዋ ኬቲ ማየር ሁለት ኳሶችን መልሳ ስታንፎርድ 5 ለ 4 አሸነፈ። ማየር ገና ተማሪ ሳለች በመጋቢት 2022 ሕይወቷ አልፏል፤ የቅርብ ጓደኛዋ የነበረችው ናኦሚ ግርማ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ሰሞን ከሌሎች የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ጋር ሆና ስለ ወጣት ስፖርተኞች የአእምሮ ጤና ግንዛቤ የሚሰጥ ዘመቻ በማየር መታሰቢያነት አካሂዳለች።

ናኦሚ ግርማ

ናኦሚ ግርማ ሰኔ 14 ቀን 2000 የተወለደችው የ2019 ፍጻሜ በተካሄደባት በዚያችው በሳን ኾዜ ነው። ወላጆቿ በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄዱ ሲሆን፣ ኳስ የጀመረችበት ስፍራ የተደራጀ አካዳሚ ሳይሆን የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሚሰበሰቡበት መስክ ነበር። ወላጆች ምግብ እያዘጋጁ ሲጨዋወቱ፣ ልጆቹ በዕድሜ ተከፋፍለው ኳስ ይጫወቱ ነበር። ይህ ስብሰባ ከጊዜ በኋላ አባቷ ከሌሎች ጋር ሆነው ያስተባበሩት «ማለዳ» የተባለ የእግር ኳስ ክለብ ሆነ። ስሙን የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ተርጉመው ማብራራት ግድ ሆኖባቸዋል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን በጠዋት ተነሥቶ ጤዛ ላይ ኳስ ያባረረ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው።

ሌላው ትኩረት የሚሻ ነገር የስሟ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ልማድ በመለያ ጀርባ ላይ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም በመሆኑ ተንታኞች ተጫዋቿን «ግርማ» እያሉ ይጠሯታል። በኢትዮጵያ አጠራር ግን ግርማ የእርሷ ሳይሆን የአባቷ ስም ነው፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው፣ በትክክል ሲታሰብ፣ ሳምንታዊውን ጨዋታ ያደራጁት አባት ስም ነው።

በስታንፎርድ በመጀመሪያ ዓመቷ ቋሚ ተሰላፊ የሆነችው ናኦሚ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች በአምበልነት የ2019ን ዋንጫ አንሥታለች። ከዚያ በኋላ የጉልበት ጅማት ጉዳት ደርሶባት አንድ የውድድር ዘመን አልፏታል። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው ኮምፒዩተርን፣ ሥነ ልሳንን፣ ፍልስፍናንና ሥነ ልቡናን ባጣመረው «ሲምቦሊክ ሲስተምስ» የተባለ ትምህርት ነው። ለ2022 የውድድር ዘመን የአሜሪካ የሴቶች የሙያ ሊግ ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጡበት በነበረው «ድራፍት» በተባለው ሥርዓት ሳን ዲዬጎ ዌቭ በአንደኛነት መርጧታል፤ በዚያው የውድድር ዘመንም የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችና ምርጥ ተከላካይ ተብላለች። በ2023 የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ስትባል ይህን ክብር ያገኘች የመጀመሪያዋ ተከላካይ ነበረች። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የአሜሪካ ቡድን በፍጻሜው ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፎ ወርቅ ሲያገኝ፣ ከስታንፎርድ የወጡት ስሚዝና ቲየርና ዴቪድሰንም በቡድኑ ውስጥ ነበሩ።

በጥር 2025 የእንግሊዙ ቼልሲ ናኦሚን ሲያስፈርም የተከፈለው ገንዘብ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል፤ በሴቶች እግር ኳስ ዝውውር የአንድ ሚሊዮን ዶላር ወሰን ሲታለፍ ያ የመጀመሪያው ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች ቁጥሩ ከሚሊዮን በታች ሆኖ የሚገኘው ሒሳቡ በፓውንድ ወደ 900 ሺህ ስለሚጠጋ ነው። ክብረ ወሰኑ በዚያው ዓመት በሌሎች ተጫዋቾች ዝውውር ተሰብሯል።

ሜዳና ሊግ

ቡድኑ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሚገኘው በኬገን ስታዲየም ይጫወታል። ከ2024 ጀምሮ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ አባል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚገኘው በፓስፊክ ዳርቻ ስለሆነ ተማሪዎቹ ለአንዳንድ የሊግ ጨዋታ አገር አቋርጠው ይበራሉ።

ከኢትዮጵያ አደረጃጀት ጋር ያለው ልዩነት

በኢትዮጵያ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚወስደው መንገድ በዩኒቨርሲቲ በኩል አያልፍም። በደብረ ማርቆስ ኳስ የምትወድ ልጅ የሚጠብቃት የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ቀጥሎም በተለምዶ «ፕሮጀክት» የሚባለው የታዳጊዎች ሥልጠና፣ ከዚያም እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወይም እንደ ሐዋሳና አዳማ ከተማ ያለ ክለብ ነው፤ የብሔራዊ ቡድኑ መጠሪያም ከድንቅነሽ ቅሪተ አካል የተወሰደው «ሉሲ» ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር እንደጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት እግር ኳስ በትምህርት ክፍሎችና በባች ተከፍሎ የሚደረግ የግቢ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቿ ዩኒቨርሲቲ የምትገባውም በፈተና ውጤቷ እንጂ በኳስ ችሎታዋ አይደለም።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ግን የዩኒቨርሲቲ ቡድን በከፍተኛ ደረጃ መጫወቱ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 2024 በሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያን ያሸነፈው ንግድ ባንክና የደቡብ አፍሪካው የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በተለያዩ ምድቦች ተሳትፈው ሁለቱም ከምድባቸው ሳያልፉ ቀርተዋል።