ከቅቤያችን እስከ «ኢትስ ኢት»

እኛ የጊንጪ ሴቶች ወተት ሲተርፈን የምናውቀው አንድ ዘዴ ነው፤ ማርጋት፣ መናጥ፣ ቅቤና አይብ ማውጣት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ቅቤውን አስቀምጠን ለፋሲካ እናደርሳለን። ሌላው ዓለምስ ወተቱን ምን አደረገው?

እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ጆርጅ ዊትኒ የተባለ ሰው የቫኒላ አይስክሬም በሁለት የአጃ ብስኩቶች መካከል አድርጎ በጥቁር ቸኮሌት ነከረው። ስሙንም «ኢትስ ኢት» አለው፤ «ይኸው ነው» እንደ ማለት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ይሸጥ የነበረው ፕሌይላንድ በተባለ የባሕር ዳር መዝናኛ ብቻ ነበር። መዝናኛው በ1972 ሲዘጋ ገበያው አብሮ ተዘጋ። በ1974 ግን ቻርልስ ሻሚህና አጋሮቹ እንደገና አነሡት፤ በየሱቁም አዳረሱት። ዛሬ ከቫኒላው ሌላ የቸኮሌት፣ የናና፣ የካፑቺኖና የእንጆሪ ዓይነቶች አሉት።

አይስክሬም ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ይቀልጣል። ስለዚህ እንሥራው አንልም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው፦ ሙያው ሳይጓደል፣ በአንድ በር ብቻ የሚሸጥ ነገር በሩ ሲዘጋ ይቀራል። ወተታችንን ለአንድ ተረካቢ ብቻ የምንሰጥ እኅቶች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችን በዚህ እንምከር።