ጨብጥ ምንድን ነው? አንዱ ብቻ መታከሙስ ለምን አይበቃም?

ጨብጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ የአባላዘር በሽታ ነው። የሚያመጣው ባክቴሪያ ናይሴሪያ ጎኖሪያ ይባላል፤ ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1879 ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከአልበርት ናይሰር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 82 ሚሊዮን አዳዲስ የጨብጥ ኬዞች ነበሩ።

ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ የሸና ሰው ጨብጥ ይይዘዋል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይሄ እውነት አይደለም። ባክቴሪያው ከሰው አካል ውጭ ብዙ አይቆይም። የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ የብልት፣ የአፍ ወይም የፊንጢጣ ግንኙነት እና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው።

🔴 ምልክቶቹ

ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፦
• ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል
• ከብልት የሚወጣ ነጭ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል
• አንዳንዴ የቆለጥ ህመምና እብጠት

ሴቶች ላይ ግን ብዙዎቹ ምንም ምልክት አያዩም። ካዩም፦
• ከወትሮው የተለየ የማህፀን ፈሳሽ
• ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል
• ከወር አበባ ጊዜ ውጭ መድማት
• ከእምብርት በታች የሆድ ህመም

🔴 ትልቁ ችግር እዚህ ጋር ነው

ባል ምልክቱን ያያል፣ ያፍራል፣ ብቻውን ሄዶ ይታከምና ዝም ይላል። ሚስት ምንም ስላላመማት ሐኪም ቤት አትሄድም። በሽታው ግን እሷ ጋር አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ሲይዘው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል።

በዚህ መሀል ባክቴሪያው ወደ ማህፀኗና ወደ ማህፀን ቱቦዎቿ ሊወጣ ይችላል። ቱቦው ጠባሳ ይዞ ሲጠብ ወይም ሲደፈን መካንነት፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናና የማይለቅ የሆድ ህመም ይከተላል። ከዓመታት በኋላ «መውለድ አልቻለችም» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው።

ወንዱም ካልታከመ የዘር ቱቦው ሊቆስል ይችላል። ጨብጥ ያለበት ሰው በኤች አይ ቪ የመያዝም ሆነ የማስተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፤ ልጅ እንደተወለደ ዓይኑን ቴትራሳይክሊን ቅባት የሚቀባው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

🔴 ሕክምናው

ጨብጥ ይድናል። ግን ባክቴሪያው መድኃኒት በመላመድ የታወቀ ነው። ድሮ ይፈውሱት የነበሩት ፔኒሲሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ዛሬ በብዙ ቦታ አይበግሩትም። አሁን በዋናነት የሚሰጠው ሴፍትሪአክሶን የሚባለው መርፌ ነው። ክላሚዲያ የተባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ አብሮት ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ የሱም መድኃኒት ይጨመራል። ስለዚህ ጓደኛ የነገራችሁን ኪኒን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ በሽታውን ማለማመድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጤና ጣቢያዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታከመው የታየውን ምልክት መሠረት አድርጎ ነው። ምልክት የሌላት ሴት በዚህ መንገድ አትገኝም። ሕክምና የምታገኘው የትዳር አጋሯ ከነገራት ነው።

✅ ምን እናድርግ?

• ምልክት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።
• ባለፉት 2 ወራት ግንኙነት የፈጸማችሁትን ሰው ንገሩ፤ ምልክት ባይኖረውም ይታከም።
• ሁለታችሁም ከታከማችሁ በኋላ 7 ቀን ከግንኙነት ታቀቡ።
• የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራም አብራችሁ አድርጉ።
• ኮንዶም በትክክል ተጠቀሙ።

መናገሩ ከባድ እንደሆነ ይገባናል። ሐኪሙን «እንዴት ልንገራት?» ወይም «እንዴት ልንገረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለታችሁን አንድ ላይ አስቀምጦ ሊያስረዳ ይችላል። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ምልክት ቀድሞ ያየው ሰው ቀድሞ የተያዘው ነው ማለት አይቻልም። ከመወነጃጀል በፊት መታከም ይቅደም።

ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉ።