በራያና ቆቦ ቈላ የቤት ክዳንና የበረዶ ጕዳት

ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ናት። በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። ስለዚህ አገር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ድርቅ ነው እንጂ በረዶ አይደለም። ነገር ግን ቈላ በመሆኑ በረዶ አያገኘውም ማለት ስሕተት ነው፤ በረዶ የሚፈጠረው ሞቃት አየር ወደ ላይ እየተነሣ ደመናውን እጅግ ወደ ቀዘቀዘው ሰማይ ሲያደርሰው ነውና። ወደ ቈላ የሚወርደው ጠጠር ረጅም የሞቀ አየር ስለሚያቋርጥ ትንንሹ በመንገድ ይቀልጣል፤ ምድር የሚደርሰው ከትልቁ የተረፈው ነው።

የሣር ቤት በምሰሶ፣ በወጋግራና በማገር ቆሞ ሰንበሌጥ ይለብሳል። ውሃ በምሰሶው ጫፍ እንዳይገባም አሮጌ ማሰሮ ይደፋበታል። በሚገባ የተከደነ ሣር ምቱን አብርዶ ይቀበላል፤ አስቀድሞ የሚሰበረው ማሰሮው ነው። ስለዚህ ከዝናቡ በኋላ ምርመራው ከጕልላቱ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩ ተዘግቶ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ፣ እንዲሁም በጢስ በጠቈረው ሣር ላይ ጥቀርሻውን አጥቦ የወረደ የውሃ መሥመር ይፈለጋል። ጣራው በዐፈር የተደለደለው ሕድሞ ግን የሚጐዳው በምት ሳይሆን በክምሩ ነውና፣ በረዶው ሳይቀልጥ ተጠርጎ መውረድ አለበት።

በሰሜን ኢትዮጵያ በረዶን ይመልሳሉ የሚባሉ ደብተራዎች ነበሩ። እነዚህ የሚጠሩት በዋናው ለአዝመራ ነው፤ ይህም የሚያስገርም አይደለም። የተበላሸ ክዳን በደቦ ይጠገናል፤ የረገፈ ማሽላ ግን አይመለስም።

የቆርቆሮ ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በእንግሊዝ አገር የባለ ሞገዱን ብረት መብት አስመዘገበ፤ በ1837 ፈረንሳዊው ሶሬል በዚንክ መለበጥን ጨመረበት። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ በቆቦ የሚያልፈውን የደሴና የአሥመራ መንገድ ደግሞ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለመኪና አበጁት። ከባድ ጭነት በበቅሎና በግመል ጀርባ ብቻ መሄዱ የቀረው በዚህ ነው።

ቆርቆሮን የሥልጣኔ ምልክት ብቻ አድርጎ መቍጠር ተለምዷል። ሆኖም በረዶ ቆርቆሮን አብዛኛውን ጊዜ ያጐደጕደዋል እንጂ አይበሳውም፤ ውሃ የሚገባው ምስማሩ በላላበት፣ ከሥሩ ያለው ጎማ በደረቀበት ቦታ ነው፤ ዚንኩ በተላጠበትም ዝገቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ከውስጥ ሆኖ በብርሃን መመርመር ለዚህ አይበቃም፤ መሰላል ይጠይቃል፤ ጥገናውም ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ይፈልጋል።

ሌላም ልዩነት አለ። በክፉ የድርቅ ዘመን የወሎና የትግራይ ገበሬ የጣራውን ሣር አውርዶ ለከብቱ ማብላቱ የታወቀ ነው። ቆርቆሮ ለከብት አይሆንም፤ ተነቅሎ ግን ይሸጣል። በሁለቱም መንገድ ዝናቡ ሲመለስ በረዶውን የሚቀበለው ባዶ ማገር ነው፤ አዲሱም ሰንበሌጥ የሚታጨደው ያው ዝናብ ካበቀለው በኋላ ነው።