የተራራ ብስክሌት ጥንተ ልደትና ወደ ሥራ መመለሷ

በግቢ ጥግ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁባት የኖረችውን፣ ስትገዛም ርካሽ የነበረችውን አሮጌ የተራራ ብስክሌት አንሥቶ፣ ጥርሳም ጎማዋን በልሙጥ ለውጦ፣ ፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ ገጥሞላት፣ ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚነዳትን ሰው ያየ ሁሉ፣ ለገደል የተፈጠረችውን ከማዕርጓ አውርዶ የከተማ ጋሪ አደረጋት ብሎ ያዝንላት ይሆናል፤ የትውልዷን ሐረግ ወደ ኋላ ቈጥሮ ለሚመረምር ግን ይህ ሰው መለሳት እንጂ አላዋረዳትም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1933 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) በቺካጎ ከተማ ነው። በዚያ ዓመት፣ የአሜሪካ ሕዝብ ሥራና እንጀራ አጥቶ በተጨነቀበት ዘመን፣ የሽዊን ፋብሪካ ቁመቱ 26 ኢንች፣ ወርዱም ከ2 ኢንች የሚያልፍ፣ እንደ አውቶሞቢል ጎማ ነፋስ የጠገበ ሰፊ ጎማ ያላት ብስክሌት አወጣ። ብስክሌቷ እጅግ ከባድ፣ ጌጧም የበዛ ነበረች፤ ከጊዜ በኋላማ ፓራፋንጎና የሰንሰለት መሸፈኛ አልበቃ ብሎ፣ የሞተር ብስክሌት የቤንዚን ጋን የሚመስል ባዶ ሣጥን ሳይቀር ይገጠምላት ጀመር። ጋዜጣ አዳይ ልጆች ገና ጎህ ሲቀድ ቦርሳቸውን ጭነው ከደጅ ወደ ደጅ ይዞሩባት ስለ ነበር፣ የተራራ ብስክሌት ቅድመ አያት እንጀራዋን በላቧ የምትበላ ሠራተኛ ነበረች ማለት ነው።

አርባ ዓመት ያህል አለፈ። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን፣ በማሪን አውራጃ፣ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ የሚኖሩ ወጣቶች እነዚያን ዘመን የረሳቸውን ሽዊኖች በጥቂት ዶላር እየገዙ፣ ፓራፋንጎውንና መሸፈኛውን፣ ያንንም ባዶ ሣጥን ነቅለው እየጣሉ፣ ዐጽማቸው የቀረውን ብስክሌቶች ቍልቍለቱን ይለቁባቸው ጀመር። በጥቅምት 1976 በፌርፋክስ አጠገብ ውድድር ተጀመረ፤ መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን 400 ሜትር ያህል ያዘቀዝቃል። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ፣ በኋለኛው ጎማ ሞዞ ውስጥ የተሰወረ ነበርና፣ አንድ ጊዜ ወርደው ሲጨርሱ ግራሶው በግለቱ ጢስ ሆኖ ይተን ነበር። ሞዞውን ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ስለ ሆነ፣ ውድድሩም ከዚሁ ሥራ ስሙን ወርሶ «ሪፓክ»፣ ማለትም «እንደገና መሙላት»፣ ተባለ። እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ፤ ከድል ሳይሆን ከእጅ መጥቈር የወጣ ስም ነውና።

የቀረው በፍጥነት ሆነ። ከወጣቶቹ አንዱ ጌሪ ፊሸር በአሮጌው ሽዊን ላይ ማርሽና የሞተር ብስክሌት የፍሬን እጀታ ገጠመ፤ ሌላው ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ግብር ብሎ አዲስ ዐጽም በየደ፣ ያችም ብስክሌት ዛሬ በስሚትሶኒያን ቤተ መዘክር ተቀምጣለች፤ በ1979 ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ቶም ሪቺ የሠራቸውን ዐጽሞች ይዘው ንግድ ጀመሩ፤ በ1981ም ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በጃፓን አሠርቶ «ስታምፕጃምፐር»ን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲያ ግልባጩ በዛ፣ ዋጋውም ወረደ። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ያው ጆ ብሪዝ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፊቱን ከተራራው መልሶ፣ ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ የዕቃ መጫኛና የሰንሰለት መሸፈኛ ያላቸውን የከተማ ብስክሌቶች ወደ መሥራት ገባ፤ ወጣቶቹ ነቅለው የጣሉትን መልሶ ገጠመ ማለት ነው።

እንግዲህ አሮጌዋን ለሥራ የሚያሰናዳ ሰው ምርጫው ይህ ነው፤ የፊት ሹካዋ ደረቅ፣ ስፕሪንግ የሌለባት፣ በኋላዋም መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ ያላት ትሻላለች። በርካሾቹ ላይ የሚገጠመው ስፕሪንግ የእግርን ጕልበት እየበላ ከማወዛወዝ በቀር በከተማ መንገድ የረባ ጥቅም የለውም። ጎማውን በተመለከተ ግን እኔ ራሴ ተሞኝቻለሁ። አንድ ቀን ባለሱቁ «26 ነው፣ ይሆንሃል» ብሎ የሸጠልኝን ቀጭን ጎማ ይዤ ቤቴ ገባሁና ከቸርኬው ላይ ባስቀምጠው፣ እንደ ሰው ልብስ ሰፍቶ ይንቀዋለል ጀመር። ለካስ 26 ኢንች የሚባለው ጎማ ብዙ ዐይነት ኖሯል፤ የእኔ ቸርኬ በሚሊ ሜትር 559 ሲሆን፣ የገዛሁት 590 የሚል፣ የሌላ ዐይነት ብስክሌት ነበር። የ31 ሚሊ ሜትርን ልዩነት በነፋስ ሞልቶ ማጥበብ አይቻልም። ያ 559 ደግሞ ከ1933ቱ ሰፊ ጎማ ጀምሮ የወረደ ልክ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ጎማውን አገላብጥና ከጎኑ 559 የሚለውን ቍጥር ፈልግ።