የባሕር ሙቀት መለኪያ የሸራ ባልዲ
ሸራ፣ እንጨት፣ ገመድ። ብሪታንያ፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ገደማ።

መርከበኞች ለአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት መረጃ የሚሰበስቡት በእንዲህ ያለ ባልዲ ነበር። ከመርከቡ ጎን ወደ ባሕሩ ወርውረው ውሃ ይቀዱበታል፤ ጎትተው ካወጡት በኋላ ቴርሞሜትር ከትተው ያነባሉ፣ በመዝገብም ያሰፍራሉ።

ሸራውን ልብ ብለው ይዩት፤ ውሃ ያዣል። እንስራ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ ከረጠበው ሸራ የሚተነው እርጥበት ንባቡ እስኪወሰድ ድረስ የባልዲውን ውሃ ያበርደዋል። ስለዚህ የዘመኑ መዛግብት ባሕሩን ከነበረው ጥቂት የዲግሪ አሥረኛዎች ያህል አቀዝቅዘው ያሳያሉ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ መርከቦች ሙቀቱን ሞተር ለማቀዝቀዝ ከሚገባው ውሃ መለካት ሲጀምሩ ደግሞ ባሕሩ በድንገት የሞቀ መሰለ።

ተመራማሪዎች ይህን ያርማሉ። እርማቱ የጥንቱን ንባብ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተመዘገበውን የባሕር ሙቀት ጭማሪ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጭማሪው ግን ከእርማቱም በኋላ በግልጽ ይታያል።