የሚደማ ኪንታሮት፦ የጤና ጉዳቱና መከላከያው

የፊንጢጣ ኪንታሮት በፊንጢጣና በትልቁ አንጀት መጨረሻ ዙሪያ የሚገኙ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚከሰት ሕመም ነው። ውጫዊው ዓይነት ያሳክካል፤ ደም ሲረጋበትም መቀመጥ እስኪያቅት ያሠቃያል። ውስጣዊው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ምልክቱ ሲጸዳዱ የሚንጠባጠብ ደማቅ ቀይ ደም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለማያምም፣ ቦታውም ለመናገር ስለሚያሳፍር፣ ብዙዎች ለወራት፣ አንዳንዶችም ለዓመታት ደብቀው ይይዙታል።

በአንድ ጊዜ የሚፈሰው ደም ጥቂት ነው። ሲደጋገም ግን የሰውነትን የብረት ክምችት ያሟጥጥና የደም ማነስ ያስከትላል፤ ድካም፣ ማዞር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን እንዲሁም የዐይን ሽፋን ውስጥና የመዳፍ መገርጣት ይታያሉ። በጋምቤላ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያወድማል፤ በባዶ እግር በኩል የሚገባው መንጠቆ ትልም ከአንጀት ደም ይመጣል። በእነዚህ ላይ ኪንታሮት ሲጨመር፣ በእርሻ ወቅት አቅም ያጣ ገበሬ ድካሙን ሁሉ በወባ ሊያሳብብ ይችላል። ነፍሰ ጡር እናቶችም የሆድ ዕቃ ግፊት ስለሚጨምርባቸው ለኪንታሮት የተጋለጡ ናቸው።

ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። ተቅማጥ ያለበት የአንጀት ቁስለት፣ በወንዝና በረግረግ ውሃ የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ እንዲሁም የትልቁ አንጀት ካንሰር ደም ያስወጣሉ። ኪንታሮት ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ ካንሰር ግን ኪንታሮት መስሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደሙ ከሰገራ ጋር የተቀላቀለ ወይም የጠቆረ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ የአንጀት ልማድ ከተለወጠ ወይም ዕድሜ ከ45 ዓመት ካለፈ ምርመራ ሳይደረግ መቆየት አይገባም።

የኪንታሮት ዋነኛ መንስኤ የሆድ ድርቀትና በመጸዳጃ ላይ ማማጥ ነው። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት፤ ሙቀቱ በየካቲትና መጋቢት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። በላብ የወጣው ውሃ ካልተተካ አንጀት ከሰገራው ውሃ ስለሚመጥ ሰገራው ይደርቃል። በእርሻም ሆነ በከተማ የቀን ሥራ ላይ ያለ ሰው ጥማት ሳይጠብቅ የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ ሊጠጣ ይገባል።

ምግብን በተመለከተ የባሮ ዓሣ ለሰውነት ግንባታ ጠቃሚ ቢሆንም አሰር የለውም። አሰር የሚገኘው ካልተነፋ የበቆሎና የማሽላ ዱቄት፣ ከባሚያ፣ ከጎመን፣ ከባቄላና ከማንጎ ነው። ለአዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ይመከራል፤ የሆድ መነፋት እንዳይከተል መጠኑን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። የሰገራ ስሜትን አለማዘግየት፣ በመጸዳጃ ቤት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አለመቆየት (ስልክ ይዞ መግባት ይህን ያበላሻል) እና ለረጅም ጊዜ ያለ እረፍት ከባድ ሸክም አለመሸከምም ይረዳሉ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት እንክብል ሰገራን ሊያጠቁርና ሊያደርቅ ስለሚችል፣ ችግር ሲፈጥር ራስ ከማቋረጥ ይልቅ የጤና ባለሙያ ማማከር ይበጃል።

ሕመሙ ቀላል ሲሆን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያስታግሳል። ካልተሻለ እብጠቱን በላስቲክ ቀለበት የማሰር ወይም የቀዶ ሕክምና አለ። በሚያቃጥል ቅጠል ወይም በኬሚካል ማከም ግን ቁስለት፣ ኢንፌክሽንና የፊንጢጣ መጥበብ ሊያስከትል ይችላል። ደሙ ካልቆመ፣ ብዙ ከሆነ ወይም ታማሚው ራሱን ከሳተ ሳይዘገይ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።