ማትሪክና የጠፋው መካሪ

ለቅሶ ቤትም ይሁን ሰርግ ቤት፣ አንድ አጎት አይጠፋም። አንገቱን ቀና ያደርግና “አንተ ልጅ፣ ማትሪክ ስንት መጣልህ?” ይላል። ልጁም ሳያርም ይመልሳል። እንደ እውነቱ ከሆነ ማትሪክ የሚባል ፈተና ተፈትኖ አያውቅም። ፈተናው ስሙን ከቀየረ ቆይቷል። አጎት ግን አያውቅም፤ ቢነገረውም ግድ አይሰጠውም።

ቃሉ የመጣው ከለንደን ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። የዚያን ጊዜ ሀገሪቱ የራሷ የማጠናቀቂያ ፈተና ስላልነበራት ተማሪዎቹ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ማትሪኩሌሽን ይቀመጡ ነበር። በኋላ የኢትዮጵያ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና መጣ፤ ሕዝቡ ግን “ማትሪክ” ማለቱን አልተወም።

የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዕድል ውጤታቸው ብቻ አልነበረም። ቁጥራቸው ትንሽ ነበር። ብዙዎቹ አዳሪ ስለነበሩ መምህሩ ማን በሒሳብ እንደሚደክም፣ ማን መጽሐፍ ካልነጠቁት እንደማይተኛ ያውቃል። አማካሪ የሚባል ሠራተኛ አልነበረም፤ ምክር ግን ነበር። በእራት ሰዓትም፣ በኳስ ሜዳም ይገኛል።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ በዛ። ክፍሉ ሞላ። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚቆጠሩት አምስት ትምህርቶች ሲሆኑ እንግሊዝኛና ሒሳብ የግድ ነበሩ። ይህን ቀላል ደንብ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚማር ልጅ በስንተኛ ክፍል ይሰማው ነበር? የሰማው ከታላላቆቹ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በአንዳንድ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የምክር አገልግሎት መጀመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ለአብዛኛው ተማሪ አማካሪው አምና ወድቆ ዘንድሮ በድጋሚ የሚፈተን የሰፈር ልጅ ነበር። ወድቆ የተማረ ሰው ምክሩ አይናቅም፤ ያም ሆኖ ስለ ወደቀበት ጉድጓድ እንጂ ስለ መንገዱ አይነግራችሁም።

ወላጆችስ ደንቡ ሲነካ ዝም አላሉም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀረው “ሴክተር ሪቪው” ለብዙኃኑ አጭር መሠረታዊ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ቁጥር ግን እንዲገደብ ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲያነቡት አሳማኝ ነገር ነበረው። ቤተሰብ ግን የተረዳው በሌላ መንገድ ነው፦ “የእኔ ልጅ 12ኛ ክፍል አይደርስም ማለት ነው።” በ1966 ዓ.ም. መምህራን አድማ መቱ፣ ወላጅም ተቆጣ፣ መንግሥትም ዕቅዱን አቆመ። አብዮቱን ካቀጣጠሉት ምክንያቶች አንዱ እንግዲህ “ልጄ እስከ ስንተኛ ክፍል ይማራል?” የሚል ጥያቄ ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ሁሌ ይገርመናል።

በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ነው። ስንቱ ተመልሶ ደብተሩን እንደከፈተ፣ ስንቱ እንዳልተመለሰ በየቤቱ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰላሉን ለሁለት ከፈለው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ ያለፈ ወደ ፕሪፓራቶሪ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ። ማለፊያ ነጥቡ እንደ ቦታው ብዛት ይወሰን ስለነበር አምና ያሳለፈ ውጤት ዘንድሮ ሊጥል ይችል ነበር። ፕሪፓራቶሪ የገባም በ16 ዓመቱ “ናቹራል ወይስ ሶሻል?” ይባል ነበር። መልሱ ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ ግን የምዝገባ ሰልፍ ያህል ነበር።

ከመካከላችን አንዱ በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሥዕል ይችላል፤ የደብተሩ ጀርባ ሁሉ ሕንፃ ነው። ሥዕል ከቀለምና ከጥበብ ወገን ነው ብሎ፣ ጓደኞቹም ወደዚያ ስለሄዱ፣ ሶሻል ገባ። አርክቴክቸር በናቹራል በኩል ብቻ እንደሚገባ ያወቀው 12ኛ ክፍል ላይ፣ የምርጫ ፎርሙን ሲሞላ ነው። ትምህርት ቤቱ “የምክር አገልግሎት” የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል ነበረው። እዚያ የሚጠሩት ግን አርፍደው የመጡና የተደባደቡ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ማንም ጨዋ ተማሪ ያን በር አላንኳኳም። ወዳጃችን ዛሬ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። የስብሰባ ማስታወሻውን ጠርዝ አሁንም በሕንፃ ይሞላዋል።

ደንቡ ከዚያ ወዲህም አልረጋም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተበተነ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ደግሞ ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው።

ኩረጃ መቅረቱን አንቃወምም። ግን ያን ቁጥር ስንሰማ ሁላችንም “ልጆቹ ምን ነካቸው?” አልን። ለ12 ዓመት የት እንዳሉ ማን ነገራቸው ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ መቅረቱን የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ የሚነግረው ፈተናው ነው። ፈተና ደግሞ የሚናገረው ካለፈ በኋላ ነው።

ታሪኩን ስንደምረው አንድ ነገር ይታየናል። ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም፣ ከዚያም የመጣው መንግሥት ፈተናውን ቀያይረዋል። በሩ ጠበበ፣ ሰፋ፣ ቦታ ለወጠ። በሩ ላይ ቆሞ “ልጄ፣ በዚህ ግባ፤ ለዚህ ደግሞ ይህ ያስፈልግሃል” የሚል ሰው ማስቀመጥ ግን ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የምንለው ትልቅ ነገር አይደለም። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ በመጀመሪያው ወር፣ ሳይጠፋ ሳይደባደብ፣ አንድ ጊዜ ተጠርቶ ስለ መንገዱ ቢነገረው ይበቃል።

እስከዚያው አደራው የእኛ የታላላቆቹ ነው። በሚቀጥለው ሰርግ ቤት አጎት ከመጠየቁ በፊት ልጁን ጠጋ ብላችሁ “ምን መሆን ነው የምትፈልገው? ለእሱ ምን እንደሚያስፈልግ ታውቃለህ?” በሉት።